ከወቀሳ በፊት ምርመራ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ደግሞ በሽታውን ሳይመረምር ሰው የሚወቅስም መድኃኒት አያገኝም ብለን ልንጨምርበት እንወዳለን። ይህን ለማለት ያነሣሣን በማስተማር ልምምድ ወራት ያየነው የአንድ ኮምፒዩተር ጉዳይ ነው። ውድ አንባብያን፣ ነገሩ የማሽን ወሬ ቢመስልም ውስጡ የመምህርነት ጉዳይ አለበትና እስከ መጨረሻው ተከታተሉን።

ከቆቦና ከራያ ቆላ የመጣን ዕጩ መምህራን ለልምምድ የተመደብነው እዚያው በአገራችን በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ነበር። በትምህርት ቤቱ ውስጥ በደህና የሚሠራው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ነው። ፈተና የሚጻፈውም ሆነ የተማሪው ውጤት ማጠቃለያ፣ ማለትም ሮስተሩ፣ የሚሠራው በእርሱ ነው። የቆላው ፀሐይ ከረር ሲል ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ይሆንና ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሣል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ይደግመዋል። በዚህ መካከል ሴቭ ያልተደረገው ሥራ ሁሉ ውኃ ይበላዋል። የመንፈቀ ዓመቱ መዝጊያም ደርሷል።

ወሬው ወዲያው ተነሣ። «ዕጩዎቹ ናቸው በፍላሽ ቫይረስ ያስገቡበት» ተባለ። አንዲት እህታችን በዚያ ሳምንት ፍላሽ ሰክታ ስለነበር ጣት ሁሉ ወደ እርሷ ተቀሰረ፤ ክፍሉም ለዕጩ መምህራን ተዘጋ። የልምምድ ውጤታችን ትምህርት ቤቱ በሚሰጠው አስተያየት ጭምር የሚወሰን ስለሆነ ነገሩ ለእርሷ ቀልድ አልነበረም። ታዲያ «አልነካሁም» ብሎ መማል ምን ይጠቅማል? ይልቅ ይመርመር ብለን ኃላፊውን «ጋሼ፣ አንድ ሳምንት ብቻ ይፍቀዱልን» ስንል ለመንናቸው። እሳቸውም እያቅማሙ ፈቀዱ።

ይህ ዓይነቱ ነገር ለራያ ገበሬ ልጅ እንግዳ አይደለም። ማሽላው ሲጠወልግ ያየ ሰው ዝናብ አንሶት ነው ሊል ይችላል። አቀንጭራ ግን ከመሬት ወጥቶ አበባውን ከማሳየቱ በፊት በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ምግቡን ይመጠምጣል፤ የሚበዛውን ጉዳት የሚያደርሰውም ገና አፈር ውስጥ ሳለ ነው። ሰማያዊው ስክሪንም እንደጠወለገው ቅጠል ነው፤ ሥሩ ሌላ ቦታ ነው። ከሙቀት፣ ከመብራት መቆራረጥና ከዲስክ ብልሽት ሌላ ብዙ ጊዜ የሚጠረጠሩት ሁለት ሥሮች ድራይቨርና ሜሞሪ ናቸው።

ድራይቨር ማለት ፕሪንተሩን፣ የስክሪን ካርዱን፣ ዋይፋዩን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባ አስተርጓሚ ፕሮግራም ነው። ብዙዎቹ ድራይቨሮች በሲስተሙ እምብርት ውስጥ ስለሚሠሩ ሲሳሳቱ ብቻቸውን አይወድቁም፤ ማሽኑን ይዘው ይወድቃሉ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ ያሰራጨው አንድ የተሳሳተ ማሻሻያ፣ በእምብርቱ ውስጥ የሚሠራውን የኩባንያውን ድራይቨር ከተፈቀደለት የሜሞሪ ክልል ውጭ እንዲያነብ አደረገው። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒዩተሮች ወደቁ፤ በዓለም ዙሪያ በረራዎች ተሰረዙ፤ የሆስፒታልና የባንክ ሥራ ተስተጓጎለ። ልብ በሉ፣ ይህን ሁሉ ያደረገው ቫይረስ አልነበረም፤ እንዲያውም ከጠላት ይጠብቃል የተባለው ፕሮግራም ነው።

ሜሞሪ ወይም ራም ደግሞ ማሽኑ ሲሠራ የያዘውን ነገር ሁሉ ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ነው። እዚያ ሁሉም ነገር በ1 እና በ0 ይጻፋል። ለምሳሌ 85 የሚለው ቁጥር 1010101 ተብሎ ይቀመጣል። ሜሞሪው ታሞ የፊተኛዋን 1 ብቻ ወደ 0 ቢለውጣት 85 የነበረው 21 ይሆናል! እንግዲህ የታመመ ሜሞሪ ማሽን የሚጥል ብቻ አይደለም፤ ሳይጥልም ሊዋሽ ይችላል። የልጅ ውጤት የሚጻፍበት ማሽን ሲዋሽ ምን እንደሚከተል ለመምህር አይነገረውም።

ሁለቱን እንዴት እንለያቸው? መጀመሪያ ደብተር አወጣን። ከጽሕፈት ክፍሏ እትዬ ጋር ሆነን ማሽኑ የወደቀበትን ሰዓት፣ ሲሠራ የነበረውን ሥራና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቃል ለሦስት ቀን መዘገብን። ጥፋቱ የድራይቨር ሲሆን ብዙ ጊዜ ያው ቃል ይመላለሳል፤ አንድ የተወሰነ ነገር፣ ለምሳሌ ፕሪንተር፣ ሲነካም ይብሳል። የእኛው ግን አንድ ቀን «ሜሞሪ ማኔጅመንት»፣ ሌላ ቀን ሌላ እያለ ይለዋወጥ ነበር። አንቲቫይረሱም ፈትሾ ምንም አላገኘም። ቀጥለን ጥቂት ድራይቨሮች ብቻ በሚነሡበት በሴፍ ሞድ አስነሣነው፤ እዚያም ወደቀ። ሴፍ ሞድ ላይ ጸንቶ ቢሆን ኖሮ በቅርብ የተጫነውን ድራይቨር ወደ ቀድሞው መመለስ ወይም ከአምራቹ ድረ ገጽ አዲስ ማውረድ ይገባን ነበር። አሁን ግን ጥርጣሬው ወደ ዕቃው አደላ።

ሜምቴስት 86 የተባለውን ፈታሽ ፕሮግራም ከከተማ አውርደን በዚያችው በተወቀሰችው ፍላሽ ጫንነው፤ ሌሊቱንም ሲፈትሽ አደረ። ጤነኛ ሜሞሪ ስህተቱ ዜሮ መሆን አለበት፤ አንዲት እንኳ ብትወጣ ያስጠረጥራል። ጧት ስንመጣ ስክሪኑ በቀይ መስመር ተሞልቷል። ማሽኑን አጥፍተን፣ ገመዱን ነቅለን፣ በገላችን ያለው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ብረቱን ነክተን ሁለቱን ሜሞሪዎች አወጣን። ከዚያም አንድ በአንድ እየሰካን ፈተሽናቸው። አንደኛው ንጹሕ ሆነ፤ ሌላኛው በሁለቱም መሰኪያ ላይ ስህተት አወጣ። ስለዚህ ጥፋቱ የመሰኪያው ሳይሆን የራሱ የሜሞሪው ነው። ከ8 ጊጋ ባይት 4ቱን አስቀርተን ብናስነሣው ማሽኑ ዘገምተኛ ቢሆንም መውደቁን ተወ።

ሥራው በዚህ አላበቃም። ሮስተሩን ከመምህራኑ የውጤት መመዝገቢያ ጋር ስም በስም አመሳከርነው። ሁለት ቁጥሮች አልገጠሙም። የሜሞሪው ጥፋት ይሁን የጸሐፊ እጅ መለየት አይቻልም፤ ልጆቹ ግን ያገኙት ውጤት ተመለሰላቸው።

ክፍሉም ተከፈተ። እህታችንን ይቅርታ የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። እትዬ ብቻ ቡና አፍልተው ጠሯት፤ አጠገባቸውም አስቀመጧት።

ጓደኞቻችን፣ ነገ የምንገባበት ክፍል ውስጥ የሚቀመጠው ማሽን አይደለም፣ የሰው ልጅ ነው። የወደቀውን ተማሪ «ሰነፍ ነው» ማለት «ቫይረስ ነው» እንደማለት ይቀላል። ሰሌዳው ታይቶት ይሆን? ቁርስ በልቶ መጥቶ ይሆን? የትኛው ክፍልፋይ ላይ ነው የተሰናከለው? እንመዝግብ፤ አንድ በአንድ እንለይ፤ ከዚያ እንፍረድ። ሜሞሪ በገበያ ይለወጣል፤ ያለ ጥፋቱ የተወቀሰ ልጅ ልብ ግን በገበያ አይገኝም።