ስም የሌለው ጠርሙስ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ አረቄ ልጽፍ ነው። «መምህር ምን ነካው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡኝና ትፈርዳላችሁ።

ነገሩ የጀመረው ከለንደን ለበዓል የመጣ የቀድሞ ተማሪዬ አንድ ጠርሙስ የጃማይካ ሩም ሲያመጣልኝ ነው። «መምህር፣ ይሄ እንደ ሌላው አይደለም፤ የአንድ በርሜል ነው» አለኝ። ሩም መቼም የሸንኮራ አገዳ መጠጥ ነው፤ አብዛኛው የሚወጣው ስኳሩ ተወስዶ ከሚቀረው ሞላሰስ ነው። ፋብሪካዎች ጣዕሙ ሁሌ አንድ እንዲሆን ብዙ በርሜል ይደባልቃሉ። ከአንድ በርሜል ብቻ ቀድተው፣ ሳይደባልቁ የሚያሽጉም አሉ። መጠጡን ራሳቸው አያወጡትም፤ በርሜሉን መርጠው ገዝተው በራሳቸው ስም ያሽጉታል። በ1842 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የስኮትላንዱ ካደንሄድ አንዱ ነው። ጠርሙሱ ላይ የወጣበት ቤት፣ ዓመቱ፣ የአልኮሉ መጠን፣ ብዙ ጊዜም የበርሜሉ ቁጥር ይጻፋል። ያ በርሜል ካለቀ አለቀ፤ ሁለተኛ አይገኝም።

ይህን ሲያስረዳኝ ሳቅሁ። የእኛ አረቄ እኮ ድሮም የአንድ ጋን ነው! የዛሬ ወር የወጣው የዛሬውን አይመስልም። የጎረቤቷም የእሷን አይመስልም።

እንግዲያው እናወዳድር ተባባልን። ሦስት ጠርሙስ አሰባሰብን። አንዱ ከወንዛዬ በኩል የመጣ የዳጉሳ፣ ሁለተኛው ከጉና ሥር ከፋርጣ የመጣ የገብስ፣ ሦስተኛው ከገበያ ከነጋዴ ጀሪካን የተቀዳ። አራት ሰው ሆነን፣ በመለኪያ ትንሽ ትንሽ፣ በመሀል ውሃና ቆሎ እየያዝን ቀመስን።

ሩሙ ገና ሳይጠጣ በሽታው ቤቱን ሞላው። ከልክ በላይ የበሰለ ሙዝ፣ አናናስ፣ ያረረ ስኳር። ከ60 በመቶ በላይ ስለሆነ ጠብታ ውሃ ይፈልጋል። ቀለሙ ከእንጨቱ የመጣ ነው። በርሜል ውስጥ ሲቀመጥ ይተናል፤ ስኮትላንድ በዓመት 2 በመቶ ገደማ፣ በሞቃቱ ካሪቢያን ደግሞ 6 በመቶና ከዚያም በላይ። «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል።

የዳጉሳው ምጣድ ላይ ያለ ቂጣ ቂጣ ይሸታል፤ መጨረሻው ላይ ለስለስ ይላል። የገብሱ ደረቅ ነው፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ከተዋጠ በኋላ ግን ቆይቶ ይጣፍጣል። ዳግም ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ ግን አይቧጥጥም። አንዱ ወዳጄ የገብሱን ከሩሙ አስበለጠው። እኔ እኩል አደረግኋቸው። የጀሪካኑን ግን «ያቃጥላል» ከማለት በቀር ማንም የሚለው አላገኘም።

ለምን? ነጋዴው ከየቤቱ የሰበሰበውን አንድ ላይ ስለሚገለብጠው ነው። ፋብሪካም ይደባልቃል፤ ግን ቀምሶ፣ መርጦ፣ ስሙን ለጥፎበት ነው። ጀሪካኑ ላይ የማንም ስም የለም። ተጠንቅቃ ያወጣችውም፣ ለመሸጥ የተቻኮለችውም እኩል ይከፈላቸዋል። ታዲያ የምትጠነቀቀው ለምን ብላ ትድከም?

ድካሙን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጌሾና ብቅሉ ተጠንስሶ ይሰነብታል፤ ቂጣው ተጋግሮ፣ ተፈርፍሮ ይገባበታል፤ ሲብላላ እሳት ላይ ይጣዳል። እንፋሎቱ በመቃ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠው ዕቃ ይጠራቀማል። ውሃው ሲሞቅ መቀየር፣ እሳቱን ማብረድ፣ መቼ እንደሚበቃ ማወቅ ሁሉ የእሷ ነው። ዳግም ከሆነ ደግሞ ያ ሁሉ እንደገና። መለኪያ መሣሪያ የላትም። ጠርሙሱን ነቅነቅ አድርጋ አረፋውን ታያለች፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ታሸታለች።

የገብሱን ያወጡትን እናት ሄጄ አነጋገርኳቸው። ከመቅዳታቸው በፊት መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱልኝ፤ እንደ ወጉ። ያኔ ነው የገባኝ። ለካ የእኛ ማኅተም ይሄ ነው! ወረቀት ሳይሆን፣ ያወጣችው ሴት ፊትህ ቀምሳ «ጠጣ» ስትልህ።

«እትዬ፣ ጠርሙሱ ላይ ስምዎን ብንጽፍበትስ?» አልኳቸው።

«ኧረ ተወኝ ልጄ! የአረቄ ሻጭ ስም ምን ይጻፋል?»

እኚህ ሴት ሦስት ልጆች ዩኒቨርሲቲ አስገብተዋል። ደብተሩም፣ የደንብ ልብሱም፣ የመሳፈሪያውም ገንዘብ ከዚያ ማሰሮ ነው የወጣው። ይህን ከምታነቡት ተማሪዎቼ ውስጥ በአረቄ የተማራችሁ ስንት እንደሆናችሁ እናንተም እኔም እናውቃለን። ማፈር የለብንም። «ሴት ልጅዎ ሙያውን ታውቀዋለች?» ብላቸው «ይሄ ጭስ በእኔ ይብቃ» አሉኝ።

ምን ይመለስላቸዋል? እውነታቸውን ነው። ልጅቱ ጭስ ውስጥ ትግባ አልልም። አረቄ ቤት ሲያፈርስም ስላየሁ ጠጡ ብዬ አልሰብክም። የምለው አንድ ነው፦ የሚጠጣ ሰው ማን እንዳወጣው ይወቅ። የምትገዙ ከቤቷ ግዙ። ፈቃዷ ከሆነ ጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ እህሉን፣ ቀበሌውን፣ ወሩን ጻፉበት። የጃማይካው በርሜል ቁጥር ካለው የፋርጣዋ እናት ስም ቢኖራት ምን ይገርማል? ስም ካለ ዋጋም ይለያል፤ ጥንቃቄም ዋጋ ያገኛል።

እስቲ እናንተ ሰፈር በምን እህል ነበር የሚወጣው? የእናታችሁ ወይም የጎረቤታችሁ በምን ይታወቅ ነበር? ከሥር ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።