የሐሙሲቱ ሸክላ ማጫወቻ

ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያዋ ነው። በዚያ ቀን የጣና ዳር ሰውና የደጋው ሰው ይገናኙባታል፤ ዳጉሳው፣ ጤፉ፣ ሽንኩርቱ፣ የፎገራው ሩዝ ጎን ለጎን ይዘረጋል። ብዙው መንገደኛ ሻይ ጠጥቶ ያልፋታል። እኔ ግን አንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ ፍለጋ ሁለት ሐሙስ ተመላልሼባታለሁ።

ማጫወቻው ድሮ ሻይ ቤት የነበራቸው የአንዲት እናት ነው። የእጅ ሻንጣ ያህላል፤ ክዳኑ ውስጥ ድምፅ ማጉያ አለው፤ በስድስት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል። በእኛ ልጅነት «ፒክ አፕ» የሚባለው ነው። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ ቡና ቤቶች ጁክ ቦክስ የሚሉት ትልቅ ሣጥን ነበር፤ ሳንቲም ሲጎርስ የተመረጠለትን ሸክላ ራሱ አንሥቶ ያጫውታል። የሐሙሲቱ ሻይ ቤት ጁክ ቦክስ ግን የቤቱ ልጅ ነበር። የጭነት መኪና ሾፌር ዐሥር ሳንቲም ይሰጠዋል፤ ልጁም የተፈለገውን ሸክላ ፈልጎ ያስቀምጣል።

የሸክላ ታሪካችን ረጅም ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። ኋላ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሆነ። ይህን ደፍሮ የጣሰው ወጣቱ አምኃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ማሳተሚያ አቋቁሞ ሸክላዎቹን ሕንድ አገር ማሳተም ጀመረ። የዓለማየሁ እሸቴና የማሕሙድ አሕመድ ድምፅ በትንንሾቹ ሸክላዎች አገር ለአገር ዞረ። ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶ ካሴት ቦታውን ወሰደ። ዛሬ እነዚያን ሸክላዎች የውጭ አገር ሰብሳቢዎች በውድ ዋጋ ይፈልጓቸዋል።

ባለቤቷም ይህን ሰምተዋል። «ሲስተር፣ ለሆቴል ጌጥ ከሆነ አልሸጥም» አሉኝ። «የሚናገር ዕቃ አፉን ዘግቶ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም።» አሠርቼ እንደማጫውተው፣ ሲናገርም አምጥቼ እንደማሰማቸው ቃል ገባሁ። በአንድ ጠቦት ዋጋ ተስማማን፤ ዐሥራ አንድ ሸክላም ጨመሩልኝ።

ባሕር ዳር የሬዲዮና የቴፕ ጥገና የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ከፈቱት። ውስጡ ለዓመታት የተረሳ ባትሪ ፈስሶ ብረቶቹን በልቷቸዋል። እነሱን በኮምጣጤ አጥበው በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉ። የደረቁትን ኮንደንሰሮች ነቅለው አዲስ በየዱ። ሰሃኑን የሚያዞረው የጎማ መንኮራኩር እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ስለነበር ከብስክሌት ከመነዳሪ ቀለበት ቆርጠው አለበሱት። መርፌውን ውጭ አገር ያለች የእህቴ ልጅ ላከችልን። ሽማግሌው ይህን ሥራ የሚማርላቸው ልጅ እንዳላገኙ ነገሩኝ። ሁሉም ወደ ስልክ ጥገና ሄዷል።

ፍጥነቱን የለካሁት እኔ ነኝ። ትንሹ ሸክላ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር አለበት። ጠርዙ ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፌ፣ የሕመምተኛ የልብ ምት እንደምቆጥር በእጅ ሰዓቴ ቆጠርኩ። መጀመሪያ 41 ሆነ፤ ዘፋኙ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። ሽማግሌው ጎማውን ትንሽ ሲያስተካክሉት 45 ላይ ቆመ፤ ድምፁም ጠራ።

ሸክላዎቹን ማጠብ የኔ ድርሻ ሆነ። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና፣ መሐሉ ያለው ወረቀት ሳይርስ፣ ክቡን ተከትሎ በስስ ጨርቅ ማበስ ነው። የጥንቶቹን፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩትን ሸክላዎች በአልኮል መንካት አይገባም፤ የተሠሩበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል። ሁሉም ከፀሐይ ርቀው፣ እንደ መጽሐፍ ቆመው ይቀመጣሉ። ተኝተው ከተደራረቡ ይጎብጣሉ።

በቃሌ መሠረት በሌላ ሐሙስ ይዤው ሄድኩ። መድረሻዬ ላይ የልጃቸው ልጅ በባጃጁ ተቀበለኝና አብሮን ተቀመጠ። የመጀመሪያው ሸክላ ሲጀምር እናቲቱ ዝም አሉ። ሦስት ደቂቃ ያህል ተጫውቶ ሲያልቅ «ገልብጪው» አሉኝ። ከዚያ ወሬው መጣ። ጎንደር የሚያድረው ሾፌር የትኛውን ይመርጥ እንደነበር፣ ሻይ ስንት ሳንቲም እንደነበር፣ ባትሪ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተው ትንሽ እንዳስጮኹት። ልጁ «ሸክላ የሚቀይረው ማን ነበር?» ሲል ጠየቀ። «አባትህ ነዋ» አሉት። አባቱ ሲሞት ልጁ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። ስለ አባቱ ልጅነት እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ ነገረን። ከዚያ በኋላ ሸክላውን የቀየረው እሱ ነው፤ እናቲቱም ጠርዙን ብቻ እንዲይዝ ያሳዩት ነበር።

እኔ ቤት የልጅ ልጆቼ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያዳምጡታል። በስልክ እንደለመዱት ዘፈኑን መዝለል ስለማይቻል እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ተራ ይዘው ይገለብጣሉ፤ ዘፋኙ ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ከጥያቄው ግማሹ ስለ ሙዚቃ አይደለም፤ ስለ እኛ ነው።

እናንተም ቆጥ ላይ ወይም አልጋ ሥር እንዲህ ያለ ሣጥን ካላችሁ፣ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት የቤቱን ትልቅ ሰው ጠይቁ፤ ልጆቹም አብረው ይስሙ። ወደ ጥገና ስትወስዱት የሠሪውን ዋጋ አትከራከሩ። አጫውታችሁ ስትጨርሱም ባትሪውን አውጡለት።