ለብቻው የተቀመጠው ሲኒ

በ2012 ዓ.ም. ረመዳን መስጊዶች ተዘግተው ተራዊሕን በየቤታችን ስንሰግድ፣ ወንድሜ ከሱዳን በገላባት በኩል ተመለሰ። መተማ ዮሐንስ ለይቶ ማቆያ 14 ቀን ቆይቶ ነጻ ነህ ተብሎ ወጣ። ጎረቤት ግን ሸሸው። እኔም፣ አላህ ይማረኝና፣ ሲኒውን ለብቻ አስቀምጥ ነበር።

በ2013 ዓ.ም. መግቢያ የአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ አብቅቶ መመሪያ ቁጥር 30 ሲወጣ፣ የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ለቤት መዞር ጀመረች። ጭምብል አድርጉ፣ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ፣ አትጨባበጡ አለችን፤ ይህንስ በራዲዮ ሰምተነዋል። እሷ ግን በረንዳው ላይ ራቅ ብላ ተቀመጠችና ወንድሜ የቀዳላትን ቡና ጎረቤት እያየ ጠጣች።

«ከማቆያ ከወጣ ወራት ያለፉት ሰው ምኑ ያስፈራል?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። ወንድሜ ለዐስር ሶላት ሲወጣ ሲኒውን ከሌሎቹ ጋር አጠብኩት።