ዝገቱን አንሡ፣ ፊደሉን ግን ተዉት

የምሠራው ኮሎራዶ ውስጥ፣ ብረት ተጠርጎ ቀለም በሚይዝበት ወርክሾፕ ነው። ከሚመጡልን ሥራዎች ብዙዎቹ የድሮ ጠመንጃዎች ናቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከኢትዮጵያ የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቶች ተገዝተው አሜሪካ የገቡ አሮጌዎች አብረው መምጣት ጀምረዋል፤ የፈረንሳዩ ውጅግራ፣ የጣልያኑ ካርካኖ፣ የቤልጅጉ ማውዘር፣ በወታደራዊ ዕርዳታ ከዚሁ ከአሜሪካ ሄዶ የተመለሰው ኤም ዋን ካርባይን። አንዳንዱ ዘውድ የጫነ አንበሳ ተመትቶበታል፤ የአማርኛ ፊደል ያለበትም አለ። እጄ ላይ ሲገቡ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው።

የማወራው ስለ ሪሲቨሩ ነው፤ ቃታው የሚመላለስበት፣ ጥይት የሚጎርስበት መካከለኛው ብረት። በአሜሪካ ሕግ ጠመንጃ የሚባለው ይኸው ክፍል ነው። አፈሙዙም ሰደፉም ለብቻው እንደ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሪሲቨሩ ግን ከ1968ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ ወዲህ መለያ ቁጥር የግድ ሊኖረው ይገባል፤ ያንን ቁጥር ማጥፋት ወይም መለወጥ ከባድ ወንጀል ነው። ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚቀረጽ ቁጥር ጥልቀቱ ቢያንስ 0.003 ኢንች እንዲሆን ታዟል፤ በሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ ይህን በመሰለ ስስ ጽሑፍ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ሲያልፍበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

አገር ቤት፣ እኔ ባደግሁበት በጎጃም ገጠር፣ ጠመንጃ የሚጸዳው ዝናብ ከመታው በኋላና ለበዓል ነበር። አጎቶቼ ቃታውን ፈትተው፣ ውስጡን በጨርቅ ጠርገው፣ ላዩን ዘይት ቀብተው ቆጥ ላይ ይሰቅሉት ነበር። ከዚህ ሁሉ የማደንቀው አለመዘግየታቸውን ነው። እርጥብ ጠመንጃ ሳይጠረግ አያድርም ነበር፤ ብረትን ከዝገት የሚያድነው ዋናው ነገርም ይኸው ነው። ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ያስጠቆረውን ጠመንጃ ላቡ ሳይደርቅ ሣጥን ውስጥ የሚቆልፍ ሰው እዚህ በየጊዜው አያለሁ።

ዘይቱ ላይ ግን ችግር ነበር። ሌላ ሲጠፋ የኑግ ዘይት ይቀባ ነበር። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው ቀስ በቀስ ይደድራል፣ ይጣበቃል፤ ቆይቶ ቃታውን ይይዘዋል፣ ከሥሩም እርጥበት ያቁራል። ተራ የሞተር ዘይት እንኳ ከእሱ ይሻላል። ከዚያ የባሰው ሸክላ ወቅጦ ወይም በአመድ ፈትጎ ብረቱን ነጭ እስኪሆን ማብረቅረቅ ነው። የሚያብለጨልጭ ጠመንጃ ለሠርግና ለፉከራ ያምራል። ነገር ግን ያ ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ጌጥ ብቻ አልነበረም። ብረቱ ራሱ ተለውጦ የሠራው ማግኔታይት የሚባል እጅግ ስስ ሽፋን ነው፤ ዘይት ይዞ ያቆያል፣ ዝገትን ያዘገያል። እሱ ከተፈተገ ብረቱ ራቁቱን ይቀራል፣ በሚቀጥለው ክረምትም ፈጥኖ ይዝጋል። ከዚያ እንደገና ይፈተጋል። እንዲህ እየተደጋገመ አንበሳውም፣ ዓመተ ምሕረቱም፣ የፋብሪካው ስምም አብሮ ያልቃል።

አሁን ደግሞ ግራይንደርና ጥቁር የሚረጭ ቀለም በየከተማው አለ። አመድ በሃምሳ ዓመት የሚያጠፋውን ግራይንደር በአምስት ደቂቃ ይጨርሰዋል።

እኛ ወርክሾፕ ከቀለሙ ይልቅ ጊዜ የሚበላው ዝግጅቱ ነው። መጀመሪያ ጥይት አለመጉረሱ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይፈታል። ቅባቱ በአሴቶን ይታጠባል፤ ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ መንካት የለም፣ የጣት ወዝ ያረፈበት ቦታ ቀለም አይዝምና። የድሮው ቀለም በደካማ አሲድ ይለቃል። ቀጥሎ የብርጭቆ ወረቀቱ ይመጣል፤ ከ220 ተነሥቶ በ320 አልፎ እስከ 400፣ አንዳንዴም 600 ድረስ። ወረቀቱ በጣት አይያዝም፣ ጠንካራ ነገር ላይ ይጠቀለላል። በጣት የተፈተገ ብረት ይሰረጉዳል፣ ጠርዙ ይሞታል፣ የብሎን ቀዳዳው አፉ ይሰፋል። ፊደል ባለበት ቦታ ዙሪያውን እንጂ ላዩን አንነካም። ዝገት የቆፈረው ጉድጓድ ጥልቅ ከሆነም እንተወዋለን።

የምንተወው ለቅርስነቱ ስንል ብቻ አይደለም። የድሮ ማውዘር ሪሲቨሮች ብዙዎቹ ለስላሳ ብረት ሆነው ላያቸው ብቻ በካርቦን የጠነከረ ነው። ያ ጠንካራ ቆዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ጉድጓዱን ለማጥፋት ቆዳውን የሸረፈ ሰው፣ ወይም ዝገቱን አቃጥላለሁ ብሎ በጋዝ እሳት ያጋለው ሰው፣ ተኳሹ ፊት አጠገብ የሚፈነዳውን ግፊት የሚሸከመውን ብረት አዳክሞታል። ከላይ ቢታይ ግን ያምራል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

ማጥቆሩ በተለያየ መንገድ ይሆናል። የፋብሪካው ዘዴ ኮስቲክ ሶዳና የናይትሬት ጨው 140 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ አፍልቶ ብረቱን ከሩብ እስከ ግማሽ ሰዓት መንከር ነው። ይህ በቤት የሚሞከር አይደለም፤ በፈላው ጨው ላይ ውኃ ጠብ ቢልበት ወደ ሰው ፊት ይፈነጠራል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መሣሪያዎች ግራጫ መልክ ያገኙት ከፎስፌት ነው። የክላሽ ሪሲቨር ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር ላሜራ ስለሆነ በፎስፌት ላይ ቀለም ይበቃዋል፤ ብዙ መፈተግም አይችልም።

እኔ የምወደው ግን የድሮውን ዘዴ ነው። ብረቱ ሆን ተብሎ በቀጭኑ እንዲዝግ ይደረጋል፤ ከዚያ በተጣራ ውኃ ይቀቀላል። ቀዩ ዝገት ዓይናችሁ እያየ ጥቁር ከፋይ ይመስላል። በለስላሳ የሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፣ እንደገና ይዝጋል፣ እንደገና ይቀቀላል፤ አምስት ስድስት ጊዜ ያህል። ቀናት ይወስዳል፣ ውጤቱ ግን ዕድሜ ልክ የሚቆይ ጥቁር ነው። በዚያው ምክንያት አሮጌ ዝገት ያለበትን ሪሲቨር ምንም ሳይፈትጉ፣ ቅባቱን አጥቦ ቀቅሎና ጠርጎ ብቻ ማዳን ይቻላል። ቀዩ ወደ ጥቁር ይዞራል፣ ከብረቱ የሚነሣ ነገር የለም፣ ፊደሉም በቦታው ይቆያል።

አንድ የአገር ሰው የቤልጅግ ማውዘር ገዝቶ መጣ። «አንተ ልጅ፣ እንደ አባቴ መሣሪያ እንደ መስተዋት አርግልኝ» አለኝ። «ጋሼ፣ መስተዋት ካደረግሁት አንበሳው ይጠፋል» አልኩት። አጉሊ መነጽር ሰጥቼው በዝገቱ ሥር ያለውን ዘውድ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ አየና «እንግዲያው ንካው አልልህም፤ ዝገቱን ብቻ አንሣልኝ» አለ። ቀቀልነው፣ በማሽን ዘይት አሽተን ሰጠነው።

ሁሉም እንደዚያ አይሰማም። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ በሞተር በሚሽከረከር የጨርቅ ጎማ ፈትገው ፊደሉን እንደ ቀለጠ ሰም የሚያደርጉት ብዙ ናቸው። ልዩነቱ እዚህ ገበያው ይቀጣቸዋል፤ የፋብሪካ መልኩን ያጣ አሮጌ ጠመንጃ ሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው በብዙ ይወርዳል። አገር ቤት ይህን የሚነግር ገበያ የለም። የጠመንጃው ታሪክ የሚታወቀው በቤተሰቡ አፍ ነው፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ የሚቀረው ምስክር ብረቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ በወላጆቻችሁ ቤት የአያት ጠመንጃ ያለ እናንተ፣ በሚቀጥለው ስልካችሁ ይህን ንገሩልኝ። መጀመሪያ ፈቃዱ በእጅ መኖሩን ያረጋግጡ፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የጦር መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝን ከልክሏል። ከዚያ ሸክላውም አመዱም ይቅር፣ ግራይንደር አጠገቡ አይድረስ። ጥይት አለመኖሩ ታይቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ የማሽን ዘይት በስሱ ይቀባ። ከዘይቱም በፊት አንድ ሰው በስልኩ አንበሳውን፣ ቁጥሩንና ፊደሉን አቅርቦ ፎቶ ያንሣ፤ ጠመንጃው የማን እንደነበረ የሚያውቅ ሽማግሌም ካለ ዛሬውኑ ይጠየቅና ይጻፍ።