መዋጮና ባለቤቱ

በምኖርባት ትንሽ ከተማ፥ ምክር ቤቱ ወስኖ፥ ነዋሪውም ገንዘብ አዋጥቶ የሰፈራችን መንገድ በኮብልስቶን ተነጠፈ። ከመዋጮው ውስጥ ጉሊት ውላ ከዕለት ጉርሷ የቆረሰች እናት ድርሻ አለበት።

ይሁን እንጂ ብዙ ሰው ከከፈለ በኋላ ግዴታው ያለቀ ይመስለዋል። ቦዩን በጥራጊ ይደፍነዋል፤ ጎርፉም ከድንጋዩ ሥር ያለውን አሸዋ ያጥባል፤ መንገዱ ይፈርሳል፤ ያቺ እናት እንደ ገና ክፈይ ትባላለች።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፥ በአንቀጽ 50፥ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። የስብሰባው ወንበር ባዶ ከሆነ ግን ውሳኔው ለጥቂቶች ይቀራል።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ስብሰባ ሲጠራ ሂድ፤ የመዋጮውን ሒሳብ በትሕትና ጠይቅ፤ የደጅህንም ቦይ ጥረግ። የሕዝብን ገንዘብ መጠበቅ የድኻን ጉርስ መጠበቅ ነው።