«ኡስታዝ፣ ልጄ ሕግ ትማር ወይስ አትማር?»



ባለፈው ክረምት አንድ አባት ከዐስር ሶላት በኋላ መስጊድ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ልጃቸውን እንግሊዝኛ ያስተማርናት እኛ ነን፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በመድረሳችን ቁርኣን ቀርታለች። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ስለጨረሰች የሚቀራት መስክ መምረጥ ነው። እርሷ ሕግ ትላለች፤ አባትየው አካውንቲንግ ይላሉ። «ኡስታዝ፣ እርስዎን ትሰማለች፤ አንድ ቃል ይንገሩልኝ» አሉን። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በሰው ሕግ የሚፈርድ ሰው ነገ አላህ ፊት ምን ይመልሳል? ደግሞስ ሴት ልጅ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ስትዞር ምን ይባላል?» አሉ።

እኛም ወዲያው አልመለስንላቸውም። «ሐጂ፣ ጁሙዓ ቤት ይምጡና ቡና እየጠጣን እናውራ» ብለን ሸኘናቸው። የሚባል ጠፍቶን አልነበረም። ይኸው ጥያቄ የራሳችንንም መንገድ አንድ ጊዜ አስቀይሮት ስለነበረ ነው። ማታ ማታ ሕግ ተምረን መጨረሳችንንም እርሳቸው አልሰሙም ነበር።

እኛ ያደግነው ወሎ ነው። ፈጅር ተሰግዶ ፀሐይ እስክትወጣ ቁርኣን፣ ከዚያ ቁርስ ቀምሶ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት መሮጥ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኪታብ፤ ቀናችን እንዲህ ነበር የሚከፈለው። በ1998 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤታችን ሕግ ለመግባት የሚያበቃ ሆኖ መጣ። አባታችን አላህ ይዘንላቸውና ነገሩን ለሼሃችን አማከሩ። ሼሁም «ኢማሙ አቡ ሐኒፋ ቃዲ ሁኑ ቢባሉ እምቢ ብለው ተገረፉ፤ አንተ ማን ሆነህ ነው?» አሉን። ለመከራከር ዕድሜውም ዕውቀቱም አልነበረንም። የመምህርነት ትምህርት ሞላን፣ እሱም ደረሰን። በዚህ አናዝንም፤ ማስተማርን እንወደዋለን። ነገር ግን የኢማሙ ደረሳ የነበሩት አቡ ዩሱፍ በሃሩን አል-ረሺድ ዘመን የቃዲዎች ሁሉ አለቃ መሆናቸውን ያኔ አላሰብነውም። መምህሩ ሸሹት፣ ተማሪያቸው ተሸከሙት። ሁለቱም ግን ሕጉን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። እኛ የሸሸነው ሳናውቀው ነው።

ይህ አለማወቃችን ያስከፈለው ዋጋ በ2007 ዓ.ም. መጣ። የከፈለችው ደግሞ አክስታችን ናት። ባሏ ሞቶባት አዲስ አበባ ውስጥ በሁለት ልጆቿ የምትኖር ሴት ነች። ከቤቷ ፊት፣ መንገድ ዳር፣ ሁለት ክፍሎች ነበሯት፤ በአንዷ እርሷው ሸቀጥ ትሸጣለች፣ ሌላዋን ታከራያለች። አንድ ዘመድ በክፍሎቹ ላይ ድርሻ አለኝ ብሎ ከሰሳት። መጥሪያው የተሰጠው ለተከራዩ ነው፤ ተከራዩም መሳቢያ ውስጥ ከቶት ረሳው። ጉዳዩ እርሷ በሌለችበት ታይቶ ተፈረደ። የሰማችው የአፈጻጸም ሰዎች በሯን ሲያንኳኩ ነው።

በማግስቱ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላ እኛ ዘንድ መጣች። «ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ ምን ይሻላል?» አለችን። የሰጠናትን መልስ ዛሬ ስናስበው እናፍራለን። ሶብር እንድታደርግ፣ ነገሩም በዘመድ ሽማግሌ እንዲያልቅ መከርናት። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ ቀጠሮ ለዋወጡ። ሦስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተስፋ ቆርጠን ወደ ጠበቃ ሄድን። ጠበቃው ወረቀቱን አገላብጦ ቀኖቹን ቆጠረና «ዘግይታችኋል» ብቻ አለን። ለምን እንደዘገየን አልጠየቅንም። ክፍሎቹም ሄዱ፤ አክስታችን ሸቀጧን ወደ ጓሮ አዞረች፤ ጓሮ ደግሞ ማንም አይገባም።

በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ባለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የማታ ሕግ ትምህርት ለመግባት አመለከትን። ማመልከቱ ራሱ አንድ ትምህርት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ ማስረጃ ከነኮፒው፣ ከተማሩበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ታሽጎ የሚላክ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ ትራንስክሪፕቱ እንዲላክ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳ መጠናቀቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። አንዱ ወረቀት ሌላውን ይጠብቃል። ሊያመለክት ያሰበ አንባቢ ካለ ምዝገባ ሲከፈት ሳይሆን ወራት ቀድሞ ይጀምር። የመግቢያ ፈተናውን አለፍን። የቀረው ገንዘቡ ነበር፤ የአንድ ሴሚስተር ክፍያ ከወር ደሞዛችን ይበልጣል። ባለቤታችን የዕቁብ ዕጣዋ ሲወጣ ፍሪጅ ልትገዛ ነበር ያሰበችው። ብሩን አምጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «ወተቱን እንደ በፊቱ በየቀኑ እንገዛለን» ብላ ወደ ማድቤት ገባች። አላህ ጀዛዋን ይክፈላት።

ክፍሉ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ይዞ ለዋለ ሰው እንቅልፍ የሚታገለው በዚያ ሰዓት ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የከተማችን ፍርድ ቤት የሚከራከረው ግን በአማርኛ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ 3,367 ቁጥሮች ያሉት፣ ሬኔ ዳቪድ የተባሉ ፈረንሳዊ ምሁር በፈረንሳይኛ ያረቀቁትና ኋላ ወደ አማርኛ የተመለሰ ነው። አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ተነብቦ የማይገባው ለካ ወዶ አይደለም!

መግሪብ በክፍሉ መሐል ይገባል። በክፍላችን የምንሰግድ ሰባት ነበርን። መምህሩን ብናስፈቅድ ለሁሉም አሥር ደቂቃ ዕረፍት አደረገልን፤ የሚያጨሱትም አመሰገኑን። ከግቢው በር ውጭ ሻይ የምትሸጥ ክርስቲያን እናት ጓሮዋን ፈቅዳልን ነበር። ክረምት ሲሆን ሳንጠይቃት ሰሌን አንጥፋ፣ የውሃ ጆግ ሞልታ ትጠብቀናለች።

ስንገባ የፈራነው መድረሳ ያስተማረን ሁሉ እዚያ ባዕድ እንዳይሆን ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በኡሱል አል-ፊቅህ ዓም እና ኻስ ተብሎ የቀራነው፣ ጠቅላላው ድንጋጌ በልዩው ድንጋጌ የሚወሰንበት መንገድ፣ ልዩ ሕግ ከጠቅላላ ሕግ ይቀድማል ተብሎ መጣ። ቂያስም በማመሳሰል መተርጎም ሆኖ መጣ። ልዩነቱ ደግሞ የውርስ ሕግ ላይ ፍንትው አለ። አንድ ሰው ሚስት፣ እናት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ቢሞት፣ በሸሪዓ ንብረቱ 72 ቦታ ቢከፈል ሚስት 9፣ እናት 12፣ ወንዱ ልጅ 34፣ ሴቷ 17 ይወስዳሉ። በፍትሐ ብሔሩ ሕግ ቁጥር 842 መሠረት ደግሞ ሁለቱ ልጆች እኩል ይካፈላሉ። ሚስት ከጋራ ሀብቱ ግማሿን አስቀድማ ታነሳለች እንጂ ኑዛዜ ከሌለ ወራሽ አይደለችም፤ ልጆች ስላሉም ለሟች እናት ምንም አይደርሳት። ይህን ሰሌዳ ላይ ወጥተን እንድናስረዳ መምህሩ ሲጋብዘን ክፍሉ ግማሽ ሰዓት ተከራከረ። አንዲት ተማሪ የሴቷ ልጅ ድርሻ ለምን ያንሳል ብላ ሞገተችን፤ እኛም የወንዱን የቀለብ ግዴታ አስረዳናት፤ እርሷም በተራዋ አሮጊቷ እናት በፍትሐ ብሔሩ ባዶ እጇን መቅረቷ እንደከነከናት ተናገረች። ከዚያ ምሽት በኋላ በፈተና ሰሞን አብረን እናጠና ነበር።

አባትየው ወደ ጠየቁን ነገር ስንመለስ፣ ሸሪዓ በአገራችን ከሕግ ውጭ የቆመ ነገር አይደለም። የቃዲዎች ፍርድ ቤት በ1936 ዓ.ም. አዋጅ ታውቋል። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በሩን ክፍት አድርጓል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ደግሞ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በሦስት ደረጃ አደራጅቷል፤ ኒካሕ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ ወቅፍ፣ ሂባና ውርስ እዚያ ይታያሉ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ እነዚህ ፍርድ ቤቶች ፍሬ ነገሩን በሸሪዓ ይዳኙ እንጂ መጥሪያውን፣ ቀጠሮውንና የክርክሩን አካሄድ የሚመሩት በዚያው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሆኑን ነው። መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ሰው እንደፈቀደ ይቆጠራል። አንዴ ፈቅዶ የጀመረውንም ክርክር ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ላዙር ማለት አይችልም። ታዲያ ሚራስን የሚያውቅ ግን ሥነ ሥርዓቱን የማያውቅ፣ ሥነ ሥርዓቱን የሚያውቅ ግን ሚራስን የማያውቅ ሰው ብቻ ከሞላን መበለቷን ማን ይዟት ይገባል?

የሥነ ሥርዓት ሕጉን የተማርነው በሦስተኛው ዓመት ነው። አንድ ማታ መምህሩ ተከሳሽ በሌለበት ስለሚሰጥ ፍርድ እያስረዳ ቁጥር 78 ላይ ደረሰ። መጥሪያ በደንቡ ያልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት መቅረብ ያልቻለ ተከሳሽ፣ ፍርድ መሰጠቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ ፍርዱ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል። አንድ ወር! ተከራዩ፣ መሳቢያው፣ ፌስታሉ፣ ሁሉም ፊታችን ላይ መጣ። አክስታችን ወደ እኛ የመጣችው ባወቀች በማግስቱ ነው። ሃያ ዘጠኝ ቀን በእጇ ነበር። ያንን ቀን ሁሉ በሶብርና በሽማግሌ የበላነው እኛ ነን። ሶብር ማዘዛችን ስሕተት አልነበረም፤ ማመልከቻ ጽፎ ሶብር ማድረግም ይቻል ነበር።

የዚያን ዕለት መግሪብን ሰግደን ወደ ክፍል አልተመለስንም።

ለአክስታችን ለመንገር ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ባንነግራትስ ማን ያውቃል የሚል ሐሳብም መጥቶብን ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለን። በመጨረሻ ጓሮዋ ሄደን፣ ስኳርና ሳሙና በተደረደረበት መደርደሪያ ሥር ተቀምጠን ነገርናት። ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያ «ከመጥሪያው ነው ወይስ ከሰማሁበት ቀን ነው የሚቆጠረው?» ብላ ጠየቀች። ከሰማሽበት ነው አልናት። «እንግዲህ ተቀድሮ ነው» አለችን፤ ግን ቡና አላፈላችልንም። ይህ እኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አይነገርም። በቀጣዩ ዒድ ነው ራሷ የጠራችን።

በ2016 ዓ.ም. የመውጫ ፈተናውን አልፈን ተመረቅን፤ አልሐምዱሊላህ። የጥብቅና ፈቃድ ገና አላወጣንም፤ ጧት ጧት አሁንም ጠመኔ ነው የምንይዘው።

ጁሙዓ ዕለት ሐጂ ከልጃቸው ጋር መጡ። እላይ የጻፍነውን አንድ በአንድ ነገርናቸው፤ የራሳችንንም አልደበቅን። የጠበቃ ሥራ ፈተና እንዳለው፣ ሐሰትን እያወቁ መሟገት፣ ጉቦ መቀበልና ማቀበል በየትኛውም ፍርድ ቤት ሐራም መሆኑን ለልጅቱም አጥብቀን ተናገርን። ሴት ልጅ ፍርድ ቤት መዞሯን በተመለከተ ግን፣ ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው የሚዞሩት ሴቶች ትዳራቸውንና ቀለባቸውን ለወንድ ጠበቃ መዘርዘር እንደሚከብዳቸው ነገርናቸው። ሐጂ ጺማቸውን እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ። «አምስት ዓመት ረዥም ነው» አሉ በመጨረሻ። እምቢም እሺም አላሉም።

አክስታችን ያን ዕለት ቤታችን ነበረች። ሲኒ እያነሳች እስከዚያ አልተናገረችም። ከዚያ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፤ የጎረቤቷ መጥሪያ ነው፤ ማንበብ ስለማትችል አደራ ሰጥታት ኖሯል። ለእኛ ትሰጠናለች ብለን እጃችንን ዘረጋን። እርሷ ግን አልፋን ለልጅቱ ዘረጋችላትና፣

«እስቲ የቀጠሮውን ቀን ፈልጊልኝ፣ ልጄ» አለቻት።