መረጃው ለሾፌሩ ብቻ ለምን?

አዲስ አበባ ውስጥ ከአያት እስከ መገናኛ ያለው መስመር ጠዋት ጠዋት ስልክ ላይ ባለ የካርታ አፕ ቀልቶ ይታያል። ቀለሙ የሚመጣው በመንገዱ ላይ ካሉ ስልኮች እንቅስቃሴ ስለሆነ፣ ዳታ የከፈቱ ጥቂት መኪኖች የሌላውንም ፍጥነት ያሳያሉ፤ «እዚህ አገር ዳታ የሚከፍት ሾፌር ስንት ነው?» የሚለው ተቃውሞ ብዙም አያስኬድም። በዚሁ መስመር ላይ ያለው የሲኤምሲ ሰፈር ችግር ግን ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ዋናውን መንገድ መሀል ለመሀል ይዞታል፤ መኪና የሚሻገርበት ቦታ ጥቂት ነው። መንገዱ መዘጋጋቱን ያወቀ ሾፌር ወይ በሰሚት ይዞራል፣ ወይ ልጆች የሚጫወቱበት የሰፈር ኮብልስቶን ውስጥ ይገባል። አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ያለችው ትንሿ የሊዮኒያ ከተማ በ2018 እ.ኤ.አ. የውስጥ መንገዶቿን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ለአላፊ መኪና የዘጋችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አፑ ጭንቅንቁን ወደ ሰው ደጅ አዞረው።

ስለዚህ ይህ የትራፊክ መረጃ ከሁሉ በፊት መብራቱን ለሚቆጣጠረውና አውቶቡስ ለሚያሰማራው ክፍል ይድረስ እላለሁ። መገናኛ የቆመ ትራፊክ ፖሊስ የሚያየው ፊቱ ያለውን ሰልፍ ነው፤ ጉርድ ሾላ ድረስ የተዘረጋውን ግን አያይም። «በልምዱ ያውቀዋል» ይባላል። ልክ ነው፣ የዘወትሩን ያውቃል፤ ሲኤምሲ ሚካኤል ጋ ድንገት የተበላሸ ሲኖትራክ ግን በልምድ አይታወቅም። መኪናው ከመንገዱ በዝቷል የሚሉትም እውነት አላቸው። ለዚህም ነው ቅድሚያው ለአውቶቡስ የሚገባው፦ አውቶቡሱ የት እንደደረሰ የሚያውቅ መብራት አረንጓዴውን ጥቂት ሴኮንድ አራዝሞ ብዙ ሰው በአንዴ ያሳልፋል።